ቪታራችሁ ቤንዚን ከበላች ማርሚታውን ተዉት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ድሮ መኪና ነው። በተለይ ስለ ሱዙኪ ቪታራ። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራችው፣ 1.6 ሊትር ሞተር ያላት፣ አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ የምናያት።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሰው ያለችውን መኪና አጥብቆ ይዟል። ቤንዚኑ ደግሞ ዋጋው ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አናይም። ስለዚህ «ፍጆታ እቀንሳለሁ» የሚል ሁሉ ሰሚ አያጣም። ሰሞኑን ደጋግሜ የምሰማው ምክር ይኼ ነው፦ የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ ያለ ሳጥን የሚገጠመውን፣ ክፍት የሚባለውን ግጠም፣ ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን፣ በሰፊ ቱቦ አስቀይር፣ መኪናዋ በደንብ ስትተነፍስ ትንሽ ትጠጣለች። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። እኔ አልስማማም።

የቤንዚን ሞተር አየር የሚስበው በአንዲት ክብ በር በኩል ነው፤ ስሮትል ትባላለች። ነዳጅ ስትረግጡ የምትከፈተው እሷ ናት። ከመገናኛ ወደ ቦሌ መንገድ ተዘጋግቶ ስትንፏቀቁ ይቺ በር አብዛኛውን ጊዜ ገርበብ ብላ ነው ያለችው። ሞተሩን ያፈናችሁት እናንተው ናችሁ፣ በእግራችሁ። ታዲያ ከበሩ በፊት ያለውን ፊልትሮ የፈለጋችሁትን ያህል ብትከፍቱት ጠባቡ ቦታ አሁንም በሩ ነው። አየሩ ቀለል ብሎ ከመጣ እግራችሁ ሳታስቡት በሩን ትንሽ መለስ ያደርገዋል። ፍጆታው እዚያው ነው።

ደግሞ ኢንጀክሽን ያለው ሞተር፣ ቤንዚኑን በኮምፒውተር የሚመጥነው ማለት ነው፣ የገባውን አየር ለክቶ ነው ቤንዚን የሚረጨው። በክብደት ለ14.7 እጅ አየር 1 እጅ ቤንዚን። ብዙ አየር ከገባ ብዙ ቤንዚን ይከተለዋል። ጉልበት ይጨምር ይሆናል፣ ቁጠባ ግን አይደለም።

አሜሪካ ያለው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ይህን ነገር ፈትሾ ውጤቱን በ2009 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። የመኪኖችን ፊልትሮ ሆን ብለው አፍነው ለኩ። ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች ፍጆታቸው ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልጨመረም። የተጎዳው አቅማቸው ነው፤ ሲረገጡ ቶሎ አይነሱም። ልዩነት የታየው በአሮጌው፣ ቤንዚንና አየርን ያለ ኮምፒውተር በሚቀላቅለው በካርቡሬተሩ መኪና ላይ ነው፣ እሱም ጥቂት በመቶ። እንግዲህ የታፈነ ፊልትሮ እንኳን ቤንዚን ካላስጨመረ፣ ደህናውን አውልቆ በውድ መተካት ከየት አምጥቶ ይቀንሳል?

«እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን አየር ያንሰናል» የሚሉም አሉ። ማነሱስ ያንሰናል። ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ የምትቸገሩት ለዚህ ነው። ግን የሳሳ አየር በየትኛውም ፊልትሮ ቢያልፍ ያው የሳሳ ነው።

የክፍቱ ፊልትሮ ጣጣ ደግሞ አቧራው ነው። ከአስፋልት ወጣ ሲባል ያለውን አቧራ ታውቁታላችሁ። ያ አቧራ ደቃቅ አሸዋ አለበት። ሲሊንደር ውስጥ ከገባ የፒስተኑን ቀለበት፣ ፋሻውን፣ ይበላዋል፣ ከዚያ ሞተሩ ዘይት መጠጣት ይጀምራል። የወረቀቱ ፊልትሮ ርካሽ ነው፣ ሥራውን ያውቃል። በጊዜው ቀይሩት፣ በቃ።

ወደ ማርሚታው ልምጣ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጤናም አለበት። በከተማ ፍጥነት ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ትንሽ ነው፣ የፋብሪካው ቱቦ ይበቃዋል። ሰፊ ቱቦ የሚጠቅመው ሞተሩን እስከ ጥግ ለሚረግጥ ሰው ነው። ይባስ ብሎ ብየዳው ካልተስተካከለ ፍጆታ ይጨምራል። በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰር የተሰካው እዚያው የጭስ መስመር ላይ ነው። ከሱ በፊት ቀዳዳ ካለ የውጭ አየር ይገባል፤ ሴንሰሩ «ቤንዚን አንሷል» ይላል፤ ኮምፒውተሩ አምኖት ይጨምራል። ለመቆጠብ ከፍላችሁ ጭማሪ ገዛችሁ ማለት ነው።

የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ካታላይዘር አስወጥቶ ባዶ ቱቦ ማስበየድማ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ። በእርግጥ የተዘጋ ካታላይዘር ሞተሩን ያንቃል፣ ዳገት ላይ ኃይል ያሳጣል፣ ቤንዚንም ያስበላል። ተዘግቶ ከሆነ ይቀየር። ደህናውን ማውጣት ግን ካርቦን ሞኖክሳይዱን ታክሲ ሰልፍ ላይ በቆመ ሰውና ከትምህርት ቤት በሚመለስ ሕፃን ፊት ላይ መልቀቅ ነው።

እና ቤንዚኑ የት ይሄዳል? የኔዋ ቪታራ ፍጆታዋ አላምር ሲለኝ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ፊልትሮውን አላዩም፣ ማርሚታውንም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የሙቀት ቀስት አዩ። ስንነዳ ቆይተናል፣ ቀስቱ ግን ከታች ፈቀቅ አላለም። «ልጄ፣ ይቺ መኪና እኮ እየበረዳት ነው» አሉኝ። ኮፈኑን ከፍተው የቴርሞስታቱን ክዳን ፈቱት። ውስጡ ባዶ ነው! የሆነ ጊዜ፣ የሆነ ጋራዥ፣ «ሞተር እንዳይሞቅ» ብሎ አውጥቶ ጥሎታል። ስንት መኪና ላይ እንዲህ ይደረጋል መሰላችሁ። ቴርሞስታት ውሃው 80 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ ይይዛል። ከሌለ፣ በተለይ በሐምሌ ብርድ፣ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ውሎ ይገባል። ኮምፒውተሩም ጠዋት እንደተነሳ መኪና ቆጥሮ ቤንዚን ያበዛል። አዲሱ ከገባ በኋላ ቀስቱ መሃል ላይ ቆመ። ልዩነቱ ማደያ ላይ ታየኝ።

ከቴርሞስታት ቀጥሎ የሞተ የኦክስጅን ሴንሰር ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እንዲህ ያለ ከባድ ብልሽት ማስጠገን ቁጠባውን እስከ 40 በመቶ ሊያሻሽል ይችላል ይላል። ያረጀ ካንዴላም አለ። የሚይዝ ፍሬንም አለ፤ ነድታችሁ ስትቆሙ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ በተለየ ከሞቀ እሱ ነው። የጎማ ንፋስ አስለኩ። ባዶውን ጣሪያ ላይ ተሸክማችሁት የምትዞሩት የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላም ይውረድ፣ አገር አቋራጭ ስትወጡ ነፋስ እየገፋችሁ ነው።

ናፍጣ የምትነዱ፣ የድሮ ላንድክሩዘር ያላችሁ፣ የናንተ ሌላ ነው። ናፍጣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አየሩን በስሮትል አያፍንም፤ ፊልትሮው ሲታፈን ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ናፍጣውም በከንቱ ይሄዳል። እናንተ ፊልትሮ ላይ አትስነፉ። ክፍት የሚባለውን ግን እናንተም አትግጠሙ።

ስሌቱን ደግሞ እንየው። መኪናችሁ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ትጠጣለች እንበል። ማርሚታው 3 በመቶ ቢቀንስላችሁ እንኳን፣ እሱም በደግ ቀን፣ 0.36 ሊትር ነው። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ብትነዱ 3.6 ሊትር። የብየዳውንና የቱቦውን ዋጋ ለዚህ አካፍሉት።

ማንኛውንም ነገር ከማስቀየራችሁ በፊት ለኩ። ሙሉ ቅዱና ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። እንደወትሯችሁ ንዱ። እዚያው ማደያ ተመልሳችሁ ሙሉ ቅዱ፤ የገባውን ሊትር ለሄዳችሁበት ኪሎ ሜትር አካፍሉና በ100 አባዙት። ደጋግሙት፣ አንዴ ብቻ ያሳስታል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አስተካክሉና እንደገና ለኩ። መጀመሪያ የሙቀት ቀስቱን እዩ። ያገኛችሁትን ቁጥር ላኩልኝ፣ የመኪናውን ዓመተ ምሕረትና የሞተሩን ሊትር ጨምራችሁ። በሚቀጥለው ክፍል አነበዋለሁ።