ረዙሜዬ ላይ አንድ መስመር የሰጠሁት ስራ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እህታችን ከሲልቨር ስፕሪንግ ቮይስ ላከችልኝ፣ የነርሶቹን የፈቃድ ፈተና፣ ኤንክሌክስን፣ በ85 ጥያቄ አልፋ ላይሰንሷ ወጥቷል፣ ግን አይሲዩ፣ ፅኑ ህሙማን ክፍል፣ ብላ ያመለከተችበት ሁሉ ኤክስፒሪየንስ የለሽም እያለ ይመልሳታል፣ እና መጨረሻ ላይ «በቃ ነርሲንግ ሆሙ ላይ፣ አረጋውያኑ ጋ ልቅር እንዴ?» አለችኝ። ሆዴ ተላወሰ፣ ምክንያቱም እኔም ይሄንኑ ብዬ አውቃለሁ።

እኔ አራት ዓመት ሙሉ ነርሲንግ ሆም ሲኤንኤ፣ የነርስ ረዳት፣ ሆኜ ሌሊት ሌሊት እየሰራሁ ነው የተማርኩት፣ ባስ ላይ እየተኛሁ ማለት ነው። ረዙሜዬ ላይ ግን ለዛ ሁሉ ዓመት አንድ መስመር ብቻ ነው የሰጠሁት። አፍሬበት ነው። ሰው ማገላበጥ፣ ዳይፐር መቀየር ምን ተብሎ ይፃፋል ብዬ። ደሞ ስለራስ ማውራት ጉራ ነው እየተባልን ነው ያደግነው፣ የመጀመሪያው ኢንተርቪው ላይ የተጠየቅኩትን ሁሉ «እኛ እንዲህ አደረግን» እያልኩ ስመልስ ሴትየዋ «አንቺስ ምን አደረግሽ?» አለችኝ፣ አንገቴን ደፋሁ። አልወሰዱኝም።

ሁለተኛው ቦታ ማናጀሯ «በሽተኛ እየባሰበት እንደሆነ ከማንም በፊት ያወቅሽበት ቀን ነበር?» አለችኝ። ከክሊኒካል፣ ከሆስፒታል ልምምዱ፣ ምንም አልመጣልኝም፣ የመጡልኝ ነርሲንግ ሆም የነበሩ አንዲት እናት ናቸው። ማታ ሻይ ስሰጣቸው ኩባያውን በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ነው የሚይዙት፣ የዛን ቀን ግን ዘረጉና ሳቱት፣ እንደገና ዘረጉ፣ ሳቱት። ትኩሳት የላቸውም። ትንፋሻቸውን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ፣ 28፣ በጣም ፈጣን ነው። ሮጬ ለነርሷ ነገርኳት፣ 911 ተደወለ፣ ለካ የሽንት ኢንፌክሽን ደማቸው ውስጥ ገብቶ ነው። ማናጀሯ 28ን ወረቀቷ ላይ ስትፅፍ አየኋት። ከዛ «ይሄ ለምን ረዙሜሽ ላይ የለም?» አለችኝ።

አይሲዩ ገባሁ። ግን ገባሁ ማለት ቻልኩ ማለት አይደለም፣ እሱንም ልንገራችሁ። ኦሪየንቴሽን ላይ ሆኜ ሌቮፌድ፣ የደም ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድሃኒት፣ የሚሄድለት በሽተኛ ነበረኝ፣ ማፑ፣ አማካይ የደም ግፊቱ ማለት ነው፣ 66። ላገላብጠው ብዬ አልጋውን ወደ ላይ አነሳሁት፣ ትንሽ ቆይቶ ሞኒተሩ 77 አለ፣ ደስ አለኝ፣ መድሃኒቱን ልቀንስ እጄን ወደ ፓምፑ ስሰድ ፕሪሴፕተሬ፣ የምታሰለጥነኝ ነርስ፣ ያዘችኝና «አሁን ምን ቀየርሽ?» አለችኝ። ምንም አልኩ። አልጋውን አሳየችኝ። አልጋው ከፍ ሲል የኤ-ላይኑ ትራንስዱሰር፣ ደም ስሩ ውስጥ ካለው ቱቦ ግፊቱን የሚለካው መሳሪያ፣ ምሰሶው ላይ እዛው ቀርቷል፣ ከልቡ በታች ሆነ ማለት ነው፣ እንደዛ ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ በውሸት ይጨምራል፣ አስር ሴንቲሜትር ብቻ ቢወርድ እንኳን ሰባት ምናምን ይጨምራል። ልክ ስናደርገው ያው 66 ነው። ያን ቀን ብቀንስበት ኖሮ እያልኩ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። አሁን አልጋ በነካሁ ቁጥር መጀመሪያ ትራንስዱሰሩን ነው የማየው።

እና እህቴ፣ ስሚኝ። ማስታወቂያው ላይ ሲሲአርኤን፣ የፅኑ ህሙማን ነርስ ሰርተፊኬት፣ ይመረጣል የሚለውን አይተሽ አትደንግጪ፣ እሱን ለመፈተን በአጭሩ መንገድ እንኳን በሁለት ዓመት ውስጥ 1,750 ሰዓት በፅኑ የታመመ ሰው ላይ መስራት ይፈልጋል፣ ኒው ግራድ፣ አዲስ ተመራቂ፣ ከየት ያመጣዋል? ኒው ግራድ ሬዚደንሲ የሚለውን፣ አዲስ ነርስ እያሰለጠኑ የሚቀጥሩበትን፣ ፈልጊ፣ እሱ ለአንቺው የተከፈተ ነው። ማናጀሮቹን አንድ ሺፍት ቆሜ ልይ ብለሽ ጠይቂ፣ እምቢ ቢሉሽ ስምሽን አወቁት። ስቴፕዳውን፣ ከአይሲዩ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን ክፍል፣ ቢሰጡሽም ግቢ፣ ብዙ የማውቃቸው ልጆች ከዛ ነው የተሻገሩት።

ረዙሜሽን ደሞ ላኪልኝ። ሲኤንኤ የሚለው ስር በአንድ ሌሊት ስንት ሰው እንደያዝሽ፣ ምን አይተሽ ለማን እንደነገርሽ ፃፊበት፣ ባማርኛም ቢሆን ፃፊው። ቅዳሜ ሺፍት የለኝም፣ ደውዪልኝ፣ አብረን እናስተካክለዋለን።