አንበሳው ውስጥ ያለው ልጅ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ከኋላ ላላችሁት ከፍ አድርጌ ላሳያችሁ። ይቺ ጥቁር ነገር ካሜራ ናት። ግድ የለም፣ ሳቁ። ፒያሳ የማውቃቸው አንድ አንጋፋ ፎቶ አንሺም ስቀዋል። በጣታቸው አንኳኩና «ልጄ፣ ይቺ ውሃ ትረጫለች?» አሉኝ።

ስሟ ሆልጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሆንግ ኮንግ ነው የወጣችው። የታሰበችው ለተራው የቻይና ቤተሰብ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከሷ ፊልም ጠበብ የሚለው 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ገበያውን ወሰደባት። ኋላ ከወደቀችበት ያነሷት እንደኔ ዓይነት ሥራ ፈቶች ናቸው።

አካሏም ሌንሷም ፕላስቲክ ነው። ብርሃን የምታስገባበት ፍጥነት አንድ ብቻ፣ የሰከንድ መቶኛ ገደማ። ርቀት የምትመርጡት በሥዕል ነው፤ አንድ ሰው፣ ቤተሰብ፣ ብዙ ሰው፣ ተራራ። የፀሐይና የደመና ምልክትም አላት። በድሮዎቹ ላይ ወዲያ ብታደርጉት ወዲህ የሚለወጥ ነገር የለም፤ ለሞራል ነው የተቀመጠው። ፎቶዋ መሐሉ ደህና ነው፣ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ማዕዘኑ ይጠቁራል። በስንጥቋ ብርሃን ስለሚገባ ጥቁር ፕላስተር ይለጠፍባታል። የኔዋን እዩዋት፣ ከመኪና አደጋ የተረፈች ነው የምትመስለው።

አንድ ቀን ብሔራዊ ትያትር ፊት ለፊት ያለውን የድንጋይ አንበሳ አነሳሁ። ከዚያ ጫማዬን የሚጠርገውን ሊስትሮ አስፈቅጄ አነሳሁት። ሆልጋ ላይ የፊልሙ ማዞሪያና የፎቶ ማንሻው አይተዋወቁም። ካላዞራችሁ ሁለተኛው ፎቶ የመጀመሪያው ላይ ያርፋል። እኔም ረስቼዋለሁ። ፊልሙ ሲታጠብ ልጁ አንበሳው ሆድ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ጫማ ይቦርሻል! አሳትሜ ወሰድኩለት። ዝም ብሎ አየውና «እዚህ ውስጥ ምን ልሠራ ገባሁ?» አለኝ። አሁን የሣጥኑ ክዳን ላይ ከውስጥ በኩል ለጥፎታል።

አስቤበት ቢሆን ኖሮ አላደርገውም ነበር። ደረቅ ቀልድ ይሆንብኝ ነበር።

በስልኬ ከአራት ኪሎ ፒያሳ እስክደርስ 200 ፎቶ አነሳለሁ፤ አንዱንም ተመልሼ አላየውም። የሆልጋ አንድ ጥቅል 12 ብቻ ነው። ደግሞ ከተጫነ በኋላ የሚታይ ነገር የለም። ቸርችል ጎዳና አካባቢ ጀበና ቡና የምትሸጥ እህት አነሳሁና «እስቲ አምጣው ልየው» አለችኝ። አይታይም አልኳት። «ታዲያ አንስተኸኛል ወይስ አላነሳኸኝም?» እኔም አላውቅም ስላት በሳቅ ፈረሰች። ያን ጊዜ ደግሜ ተጫንኩ። በስልክ ቢሆን ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን መስታወቱን እናይ ነበር።

ብልሽት ሁሉ ጥበብ ነው ግን አልላችሁም። ታክሲ ውስጥ ስጋፋ የካሜራዋ ጀርባ ወለቀ። ረዳቱ «የወደቀው ያንተ ነው?» ብሎ አቀበለኝ። ካነሳሁት ስምንት ፎቶ ስድስቱ ብርሃን ገብቶበት ተቃጠለ። የተረፉት ሁለቱ መጀመሪያ የተነሡት ናቸው፤ ከውስጥ ተጠቅልለው ስለነበር። በጣም ነው የተናደድኩት። ፊልሙም እዚህ እንደልብ አይገኝም፤ የኔን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ለምኜ ነው የማስመጣው። ሠርግ ደግሞ እንዳታነሱባት። ሙሽራዋ ይቅር አትላችሁም።

አሁን ውስጧ አንድ ፎቶ ቀርቷል። በየወንበሩ ትዙር። አንዱ ካነሳ በኋላ ፊልሙን ሳያዞር ለጎኑ ይስጥ። ይሄ አዳራሽ ለሷ ጨለማ ነው፤ አንድ ሰው አንዴ ቢጫናት አይበቃትም። የአሥራ አምስታችሁ ሲደማመር ምናልባት አንድ ፎቶ ይወጣው ይሆናል።

ጀርባዋን ብቻ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙልኝ።