ዘውድ ወይስ በገና

እንደምን አመሻችሁ፣ ወገኖቼ። ከሥራ መልስ፣ በዚህ የለንደን ዝናብ፣ ሳንቲም ለማየት ብላችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሳንቲሞቹ ላይ የታተመው እሱ ነውና።

ከወሬ በፊት አንድ ነገር እንሞክር። ከፊት ወንበር ጀምሮ ሁለት ፔኒዎች ይዞሩላችኋል። አንዱ የእንግሊዝ ነው፤ አንዱ የአየርላንድ። ሲደርሳችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ መዳፋችሁ ያዙ። የቱ የማን እንደሆነ በክብደቱ ለዩ።

አትለዩም። እኔም ይህን ያህል ዓመት ይዣቸው አልለያቸውም። ሁለቱም 9.45 ግራም ናቸው። አሁን ዓይናችሁን ግለጡ። አንዱ ላይ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ አለ፤ ጢሙ ተበጥሮ፣ ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ። ሌላው ላይ በገና አለ። ገልብጡት። ዶሮ ከጫጩቶቿ ጋር ታያላችሁ።

ገጹ ሙሉ በሙሉ ተለውጧል። ክብደቱ አልተነካም። ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለዚህ ነው። ስለ ሀገር ነፃነት ስንከራከር አብዛኛውን ጊዜ የምንከራከረው ስለ ገጹ ነው። ስለ ባንዲራው፣ ስለ መዝሙሩ፣ ስለ በዓሉ ቀን። ክብደቱን የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው።

መሰብሰብ የጀመርኩት አስቤበት አይደለም። እዚህ ሀገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። እሁድ ገበያ ላይ አንድ ሽማግሌ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ አሮጌ ዝርዝር ይዘው ተቀምጠዋል። እጄን ሰድጄ ሳገላብጥ ዶሮዋ ወጣች። ንጉሥ የሌለበት ሳንቲም! ይቺ ደግሞ ከየት መጣች አልኳቸው። «ከሀገሬ» አሉኝ። ኮርክ የምትባል የአየርላንድ ከተማ ሰው ነበሩ። ቤት ወስጄ በሎሚና በጨው ፈተግኳት። አበራች። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳያት ይቆጨኛል። ያ ቡናማ ወዟ፣ የስንት ሰው ጣት ያሳደረባት ቀለም፣ አንዴ ከሄደ አይመለስም። ከእናንተ መሀል ጀማሪ ካለ አደራ፦ ሳንቲም አይታጠብም። ጠርዙን ይዞ ማየት ብቻ ነው።

ልጆች ሆነን ሳንቲም ስንወረውር «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» እንባባል ነበር። አየርላንዶችም የራሳቸው ነበራቸው፤ «ራስ ወይስ በገና?» ይሉ ነበር። በገናውን በአየርላንድ ሳንቲም ላይ ያመጣው እንግሊዛዊው ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ነው፤ በ1530ዎቹ። በገናው ላይ ዘውድ ደፋበት። ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው ንጉሡ ከፊት፣ በገናው ከኋላ፣ ዘውዱም ከበገናው አናት ላይ ሆነው ኖሩ። በ1826 የአየርላንድ ገንዘብ ጭራሽ ቀረና የእንግሊዙ ብቻ ሆነ።

በዚህ መሀል አንድ ክርክር አለ። ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። በ1722 ዊልያም ዉድ የሚባል እንግሊዛዊ የብረታ ብረት ባለሀብት ለአየርላንድ የመዳብ ሳንቲም የማተም ፈቃድ አገኘ። ፈቃዱ የተገኘው ለንጉሡ ቅምጥ፣ ለኬንዳል ዱቼስ፣ ገንዘብ ተከፍሎ ነው። የደብሊን ፓርላማ አልተጠየቀም። ሰዉ ተቆጣ። የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል አለቃ የነበረው ጆናታን ስዊፍት ብዕሩን አነሳ። በራሱ ስም ግን አልጻፈም። ተራ የጨርቅ ነጋዴ መስሎ ነው የጻፈው። በመጀመሪያው ደብዳቤ ሳንቲሙ ርካሽ ነው፣ አትቀበሉት አለ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ነገሩ ከመዳብ አልፏል። ተገዢው ሳይፈቅድ የሚገዛ መንግሥት ከባርነት አይለይም፣ እናንተም እንደ እንግሊዝ ወንድሞቻችሁ ነፃ ሕዝብ መሆን ይገባችኋል አላቸው።

መንግሥት ጸሐፊውን ለሚጠቁም 300 ፓውንድ እሸልማለሁ ብሎ አወጀ። በዚያ ዘመን ትልቅ ሀብት ነው። ደብሊን ውስጥ ማን እንደጻፈው የማያውቅ ብዙም አልነበረም። የጠቆመ ግን አልተገኘም። በ1725 ፈቃዱ ቀረ። ከዉድ ሳንቲሞች አንዷን ዛሬ አምጥቻታለሁ። ሴት ተቀምጣ በገና ተደግፋለች። ባየኋት ቁጥር የማስበው ስለ ጽሑፉ አይደለም። ስለዚያ ሁሉ ሕዝብ ዝምታ ነው።

ወደ ዶሮዋ እንመለስ። በ1921 መጨረሻ፣ ከነፃነት ትግሉ በኋላ፣ የአየርላንድ ልዑካን እዚሁ ለንደን ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ውል ፈረሙ። ውሉ ደብሊን ሲደርስ ምክር ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ውሉ የራስ መንግሥት ይሰጣል፤ ግን ለንጉሡ ታማኝነት መማልን ይጠይቃል። የትግሉ መሪ ኤሞን ዴ ቫሌራ አይሆንም አለ። ውሉን ከፈረሙት አንዱ ማይክል ኮሊንስ ደግሞ ይህ የመጨረሻው ነፃነት ባይሆንም ወደዚያ መሄጃ ነፃነት ነው ብሎ ተከራከረ። ጃንዋሪ 7 ቀን 1922 ድምፅ ተሰጠ። 64 ለ57። በሰባት ድምፅ ብቻ። ስድስት ወር ሳይሞላ ትናንት አብረው የታገሉ ሰዎች ተታኮሱ። ኮሊንስም በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ተገደለ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ንጉሥ ከገዳይም ከሟችም ኪስ አልወጣም ነበር። እስከ 1928 ድረስ በነፃዋ አየርላንድ ዳቦ የሚገዛው በጆርጅ አምስተኛ ሳንቲም ነው።

አዲሱን ሳንቲም እንዲያስነድፍ የተሰየመውን ኮሚቴ የመራው ገጣሚው ዬትስ ነው። ያኔ ሴናተር ነበር። ኮሚቴው እንስሳት ይሁኑ አለ። ሀገሪቱ የምትኖረው በከብቷ ነውና። ሃፍ ክራውን ላይ ፈረስ፣ ፍሎሪን ላይ ሳልመን ዓሣ፣ ሽልንግ ላይ ኮርማ። የግብርና ባለሙያዎችም ገቡበት፤ ኮርማው ለገበያ የሚሆን ኮርማ አይመስልም፣ የአሳማ ግልገሎቹም ይስተካከሉ አሉ። ተስተካከሉ። ቅዱሳን ቀርተው አውሬ ተሣለ ብለው ያዘኑ ነበሩ። ሌሎችን ያናደዳቸው ደግሞ ውድድሩን ያሸነፈው ፐርሲ ሜትካፍ እንግሊዛዊ መሆኑ ነው። የታተመውም እዚሁ ለንደን፣ በንጉሡ ሳንቲም ማተሚያ፣ በሮያል ሚንት ነው።

በገናው ግን ከኋላ ወደ ፊት መጣ። አናቱ ላይ የነበረው ዘውድ ተነሣ። ይህን ስናገር ዛሬም ደስ ይለኛል። ትንሽ ነገር አይደለም።

ክብደቱስ? ክብደቱ ሆን ተብሎ ነው ያልተነካው። አንድ የአየርላንድ ፓውንድ አንድ የእንግሊዝ ፓውንድ ይሁን ተብሎ ተወሰነ። በ1937 አዲስ ሕገ መንግሥት ወጣ። በ1949 ሪፐብሊክ ታወጀ። ፓውንዱ ግን እንደታሰረ ነው። በ1967 ለንደን የፓውንዱን ዋጋ ከ2.80 ዶላር ወደ 2.40 ስታወርድ የደብሊኑም አብሮ ወረደ። ገመዱ የተበጠሰው ማርች 1979 ነው። ከ1922 ቆጥሩት፤ 57 ዓመት። ከዚያስ? በሃያ ዓመቱ ዩሮ መጣ። በገናው አሁን ዩሮው ላይ አለ።

መሪዎቹ ፈሪዎች ነበሩ አልልም። ከብታቸውን የሚሸጡት ለእንግሊዝ ነበር። ገበያው እዚያ፣ ሠራተኛ ልጃቸው እዚያ፣ የሚልከውም ብር ከዚያ። እነሱን ሆኜ ባስበው እኔም ያንኑ የማደርግ ይመስለኛል። ግን 1922ን ብቻ የነፃነት ዓመት ብሎ የሚያስተምር ሰው የሚያስተምረው ግማሹን ነው።

ይህ ለእኛም ሩቅ ታሪክ አይደለም። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ሃምሳ ሳንቲሟን «ሽልንግ» ስንል ነው የኖርነው። ቃሉ ከየት መጣ? በ1941 ጣልያን ሲባረር የእንግሊዝ ጦር የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዞ ገባ። በአንድ በኩል ጆርጅ ስድስተኛ፣ በሌላው አንበሳ። እንግሊዞች በሽልንጉ እንድንቀጥል ይፈልጉ ነበር። መንግሥታችን አልተቀበለም። አሜሪካ በሰጠችው ጥሬ ብር የሃምሳ ሳንቲሙ ታተመና በ1945 የራሳችን ገንዘብ ወጣ። አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። ሃምሳ ሳንቲሟም አንድ ሽልንግ ሆነች። ገንዘቡ ሄደ፤ ስሙ እኛ አፍ ላይ ቀረ።

ሌላም አለ፤ ሳላነሳው ባልፍ ልክ አይሆንም። ኤርትራ በ1993 ከተለየች በኋላ እስከ 1997 የምትገበያየው በብር ነበር። ናቅፋ ሲመጣ የምንዛሪው ነገር አላስማማም። በዓመቱ ጦርነት ሆነ። ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ ነበር አልልም። ያን ጊዜ ዘመድ ያጣን ሰዎች ግን ሳንቲም የልጅ ጨዋታ እንዳልሆነ እናውቃለን።

ለዚህ ነው በ2014 ስኮትላንድ ከብሪታንያ ትለይ ወይስ ትቅር የሚለውን የሕዝበ ውሳኔ ክርክር እንቅልፍ አጥቼ የተከታተልኩት። የስኮትላንድ መንግሥት መሪ የነበረው አሌክስ ሳልመንድ ነፃ ወጥተንም በፓውንዱ እንቀጥላለን ይል ነበር። ለንደን ያሉት ትልልቅ ፓርቲዎች አንፈቅድም አሉ። በኦገስቱ የቴሌቪዥን ክርክር የ«አንለይም» ወገን መሪ አሊስታር ዳርሊንግ ሳልመንድን ደጋግሞ ያዘው፦ ፓውንዱ ከቀረ ሌላው ዕቅድህ ምንድን ነው? የነፃነት ደጋፊ የሆነ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጥያቄው ማስፈራሪያ ነው ብሎ በጣም ተናዶ ነበር። እኔ ጥያቄው ተገቢ ነው አልኩት። ነፃነትን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባ ነው። ለሳምንት ያህል በምሳ ሰዓት ተከራከርን። ሴፕቴምበር 18 ቀን 55 ከመቶው አይሆንም አለ፤ 45 ከመቶው ይሁን። በማግስቱ ባልደረባዬ ፊቱ ጠቁሮ ሥራ ገባ። አንድም ሰው ግን አልተተኮሰበትም። የደብሊንን 1922 ለሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ከፍቼዋለሁ። በ1689 ንጉሥ ጄምስ ሁለተኛ አሮጌ መድፍ አቅልጦ ለወታደሮቹ ያሳተማት አለች፤ ወሩ ሳይቀር ተጽፎባታል፤ ሳሸንፍ በብር እለውጥላችኋለሁ ብሎ ነበር። አላሸነፈም። ከ1937 ጀምሮ በሁለት ዓይነት የወጣው የብሪታንያ ሽልንግም አለ፤ አንዱ የእንግሊዝ፣ አንዱ የስኮትላንድ መልክ ያለው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌላችኋለሁ። በጠርዛቸው ያዟቸው።

ፔኒዎቹስ የት ደረሱ? እዚያ መጨረሻ ረድፍ? እማማ፣ እርስዎ ገና አልሞከሩም። ይጨፍኑና ይያዟቸው። ንጉሡ በየትኛው እጅዎ ነው?