ቁመቱንም ለኩት

አሰላሙ አለይኩም፤ እንደምን አረፈዳችሁ። ክቡራን እንግዶች፣ ከየወረዳው ደሴ የገባችሁ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የተጋበዝኩት የዓመቱን ሥራ እንዳቀርብ ነው። ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ አላነበውም። የመጣሁት ስለ ልጆቻችን ቁመት ልናገር ነው።

ቆላ ባለ አንድ ቀበሌ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ጤና ኬላ መጣች። ወንድ ልጅ ነው፤ ፊቱ ክብ፣ ጉንጩ ሙሉ። ሲመዘን 10 ኪሎ ሆነ። ካርዱ ላይ ደህና ቦታ አረፈ። የክንድ መለኪያውም አረንጓዴ አሳየ። «ማሻአላህ፣ ደህና ነው» ተብላ ልትወጣ ስትል፣ ወረፋ የምትጠብቅ ሴትዮ «ዓመት ሞላው?» አለቻት። «ኧረ ሁለት ዓመቱ ነው!» አለች እናቲቱ። ሴትዮዋ ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ። ከመደርደሪያ ጀርባ አቧራ የጠጣ የቁመት ሰሌዳ ነበር። አውጥተን አስተኛነው። 79 ሴንቲ ሜትር! የ15 ወር ልጅ ቁመት ማለት ነው። በሁለት ዓመቱ 88 ገደማ መድረስ ነበረበት፤ ከ82 በታች ከሆነማ ቀንጭሯል።

እናቲቱ «የአባቱ ዘር አጭር ነው» አለች። ይህን ስንት ባለሙያም ሲል ሰምቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከኖርዌይ እስከ ጋና፣ ከኦማን እስከ ብራዚል በስድስት አገር ሕፃናትን አስለክቷል። በደንብ የተመገቡና የተጠበቁ ልጆች እስከ አምስት ዓመት እድገታቸው ተቀራራቢ ነው። በዘር አታሳብቡ!

ነገሩ የቁመት ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልተቆጣሁ። ሕፃን ሲወለድ አንጎሉ የአዋቂውን ሩብ ያህል ይመዝናል። በሁለት ዓመቱ ሦስት አራተኛ ገደማ ይደርሳል። አጥንቱን ያስቆመው የምግብ እጦት፣ የተመላለሰ ተቅማጥ፣ የብረትና የአዮዲን እጥረት አንጎሉንም አይምረውም። አጭር ልጅ ሁሉ ትምህርት አይገባውም ማለቴ አይደለም። ቁመት ምልክት ነው፤ ምልክቱን ካላየን ግን ጊዜው ያልፋል።

ረሀብ ሲባል ዓለም የሚያውቀው ወሎን ነው። በ1966ም፣ በ1977ም ካሜራው የመጣው አጥንቱ የገጠጠ ልጅ ፍለጋ ነው። ጉንጩ የሞላውን ቀንጫራ ማን ያየዋል? እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገራዊ ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ከ100 ልጆች 46ቱ ቀንጭረው ነበር። በ2007 ዓ.ም. መቀንጨርን ለማጥፋት መንግሥት ቃል ሲገባ፣ ቃል ኪዳኑ የተጠራው በሰቆጣ ስም ነው። በድሮው ወሎ፣ በእኛው ምድር ስም! ታዲያ ሰሌዳው ከመደርደሪያ ጀርባ ምን ይሠራል?

በ2014ቱ ጦርነት ጤና ኬላዎቻችን መዘረፋቸውን አውቃለሁ። እናንተ በባዶ እጃችሁ ሠርታችኋል፤ ጣቴን የምቀስረው እናንተ ላይ አይደለም። በጀት ይዛችሁ ፊት ወንበር የተቀመጣችሁ፣ ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። ሰሌዳ እኮ እንጨት ነው! ደሴ አናጢ አጥታለች?

አለካኩን ታውቁታላችሁ። ከሁለት ዓመት በታች ያለውን አስተኝታችሁ፣ ለሁለት ሆናችሁ፣ ጫማና ኮፍያ አውልቃችሁ ለኩ። የጭንቅላቱንም ዙሪያ በሜትር ያዙ። ቁጥሩን መዝገብ ላይ ብቻ አትቅበሩት፤ ለእናትየዋ ንገሯት። ያቺ እናት ዶሮ አላት። እንቁላሉ ለጨውና ለዘይት ገበያ ይወርዳል። ቁጥሩን ስትሰማ «እንግዲህ አንዱ ለእሱ ይቀራል» አለች።

ከምግብ ሌላ ጨዋታም አለ። ጃማይካ ውስጥ የቀነጨሩ ሕፃናት ቤት ድረስ በየሳምንቱ እየተሄደ እናቶች ልጆቻቸውን እንዲያጫውቱ ተመከሩ። ከ20 ዓመት በኋላ የእነዚያ ልጆች ገቢ ካልተጎበኙት በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። ቁመታቸው ባይለካ ማን ለይቶ ያገኛቸው ነበር?

ከምሳ በኋላ ሰሌዳዎቹ አዳራሹ ጀርባ ይዘረጋሉ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተለማመዱ። ፊት ወንበር ያላችሁም ሳትሄዱ ቆዩና እዩ። አመሰግናለሁ።