ፎርሙላው የታለ?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ ካልኩለስ ነው። አትሽሹ እንጂ!

እንደምታውቁት እዚህ ደብረ ማርቆስ የ12ኛ ክፍል ልጆችን አስጠናለሁ። ሰሞኑን ከደጀን ዓባይ ድልድይ ድረስ የሚወርደውን፣ ከዚያ ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወጣውን መንገድ በግራፍ ሳልኩላቸው። ጠመዝማዛውን ትቼ፣ ለስለስ አድርጌ። "በሉ የስሎፑን ግራፍ ሳሉ" አልኩ። ስሎፕ ማለት መንገዱ በየቦታው ምን ያህል እንደሚወጣ ወይም እንደሚወርድ ነው። ፎርሙላ የለም።

አብዛኞቹ ያንኑ ሸለቆ መልሰው ሳሉት! ከፍታውና ስሎፑ ተምታታባቸው። ቁልቁለቱ ላይ ስሎፑ ኔጌቲቭ ነው፣ ድልድዩ ጋ ዜሮ፣ ዳገቱ ላይ ፖዘቲቭ። ሸለቆው ፓራቦላ (እንደ ኤክስ ስኩዌር ግራፍ የጎደጎደ ከርቭ) ከሆነ ዴሪቬቲቩ፣ ማለትም የስሎፑ ግራፍ፣ ቀጥ ያለ መስመር ነው።

አንዷ ጎበዝ "ቲቸር፣ ፎርሙላው የታለ?" አለች። ዝም ስላት ኤክስ ስኩዌር ነው ብላ ራሷ ሰየመችው፤ 2ኤክስ አወጣችና መስመሯን አሰመረች። አጠገቧ ያለው ልጅ ሁሉን ነገር በዓይኑ ነው የሚያስበው። "ፓራቦላው ወደ ላይ ሲሄድ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እዚያ ጋ ስሎፕ የለውም" ብሎ ድርቅ አለ። እሷ ታዲያ "10 ላይ ስሎፑ 20፣ 100 ላይ 200 ነው። የቱ ጋ ነው የሚቆመው?" ብላ አፉን አስያዘችው።

ቀጥዬ የኤክስን አብሶሉት ቫሊዩ (የኔጌቲቭ ምልክቱን የሚጥለውን፣ ግራፉ V የሚመስለውን) ሰጠኋቸው። አሁን ተራው የሱ ሆነ። እሷ በስኩዌር ሩት ጽፋ፣ ዴሪቬቲቩን አውጥታ፣ ዜሮን ስታስገባ ዜሮ ሲካፈል ለዜሮ መጣባትና ተወዘፈች። እሱ ግን ገና ግራፉን ሲያይ "ሹል ነው። ከግራ ኔጌቲቭ 1፣ ከቀኝ 1፤ ሹሉ ላይ ታንጀንት፣ ነክቶት የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ የለውም" አለ።

ክሩቴትስኪ የሚባል የሶቪየት ሳይኮሎጂስት የሒሳብ ጎበዞችን አስተሳሰብ ሲመድብ በትንተና የሚሄዱ፣ በሥዕል የሚሄዱ፣ ሁለቱን ያስማሙ ይላል። እኔ ከግራፉ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። ግን ዓይንም ያታልላል። ቫየርሽትራስ የሚባል ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ በ1872 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ፈንክሽን ግራፉ የትም አይቆረጥም፣ ዴሪቬቲቭ ግን የትም የለውም። እስቲ ይሄንን ማን ይስለዋል?

ችግሩ የ12ኛ ክፍል ፈተናው ነው። ምርጫ ነው፣ ሰዓቱም አይበቃም፤ ፎርሙላ የሸመደደ ቶሎ ያጠቁራል። ልጆቹ ግራፍ ሲያዩ ፊታቸው ቢጠቁር አልፈርድባቸውም።

ለማንኛውም ሁለቱን አንድ ዴስክ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። የሚቀጥለው ሞገድ የሚመስለው የሳይን ግራፍ ነው፣ ያለ ፎርሙላ። ከአሁኑ መጨቃጨቅ ጀምረዋል። በሉ ደህና ሰንብቱ።