ወሬው ራሱ ይምጣላችሁ

እንደምን ዋላችሁ! ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ፣ የደሴ ብርድ እንዲህ እየቆረጠ፣ አዳራሹን ስለሞላችሁልኝ አመሰግናለሁ። ከፊት የተቀመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ ቡናው እስኪፈላ ታገሡኝ። አላንዛዛም።

እኔ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። ፒያሳ ባለች ጠባብ ሱቄ ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ ስፈታ ነው የምውለው። ስልኩ ሲሠራለት ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው፦ "ዋይፋይህን አንዴ አስገባልኝ፣ ምን እንደተባለ ልይ።" ከዚያ ጣቱ ይሮጣል። ሠርግ፣ ቀልድ፣ ስድብ፣ የሆነ ሰው ልደት፣ ደግሞ ስድብ። ግማሽ ሰዓት ያልፋል። "ታዲያ ምን ተባለ?" ስለው "እንጃ" ይለኛል።

አልስቅበትም። እኔም ተቃጥዬበታለሁ። አንድ ነጻ ሥልጠና ሦስት ወር ስጠብቅ ነበር። የአዘጋጆቹን ገጽ ላይክ አድርጌያለሁ፣ ሲወጣ ይደርሰኛል ብዬ ተኝቻለሁ። ማስታወቂያው ሰኞ ወጣ። ምዝገባው ዓርብ ተዘጋ። እኔ ያየሁት እሑድ ማታ ነው። ለካስ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የምናየውን የሚመርጥልን ማሽን ነው። ማሽኑን የሚያሳስበው ስክሪኑ ላይ ስንት ደቂቃ እንደምንቆይ እንጂ የእኔ ምዝገባ አይደለም።

ዛሬ የማወራችሁ ነገር አሮጌ ነው። አርኤስኤስ (RSS) ይባላል፤ ከመረጣችሁት ድረ ገጽ አዲሱን ነገር ወደ ስልካችሁ የሚያመጣ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኔትስኬፕ በሚባል የኢንተርኔት ማሰሻ ይሠራ በነበረ ኩባንያ ውስጥ ተወለደ። በ2000 የወጣውን ሥሪት ካረቀቁት አንዱ አሮን ስዋርትዝ ነበር። ያኔ ዕድሜው 14 ነው። ከኋላ የምትንሾካሾኩት ልጆች፣ ሰማችሁ? 14!

አሠራሩ አያስፈራም፣ አብሽሩ። አንድ ድረ ገጽ አዲስ ነገር ሲያወጣ ርዕሱን፣ ቀኑን፣ ሊንኩንና አጭር መግለጫውን በአንዲት ትንሽ ፋይል ላይ ይመዘግባል። ይህቺ ፋይል ፊድ ትባላለች። ስልካችሁ ላይ ያለው ማንበቢያ አፕ በየጊዜው ብቅ እያለ ፋይሏን ያያታል። አዲስ ነገር ካለ ያመጣላችኋል። ከሌለ ዝም። የመጣው በቀኑ ተራ ይደረደራል፤ ይሄን አስቀድም፣ ያንን ደብቅ የሚል የለም።

ባቲ ሰኞ ገበያ የወጣ ሰው ስለ ዳጉ ሳይሰማ አይቀርም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ አረፍ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ታዲያ እንዲሁ መቀባበል አይደለም። ከማን ሰማህ? በዓይንህ አይተሃል ወይስ ተነግሮህ ነው? ይጠያየቃሉ። ፊድ ይሄን አይጠይቅላችሁም። ውሸታም ድረ ገጽ ከመረጣችሁ ውሸቱን ሰዓቱን ጠብቆ ያደርሳችኋል። ስለዚህ ሰብስክራይብ ከማድረጋችሁ በፊት ጠያቂዎቹ እናንተው ናችሁ።

በቀደም የእህቴ ልጅ ሱቅ መጣች። የጠፈር ነገር ነፍሷ ነው። ፊደር የሚባል አፕ ጫንኩላት። ነጻ ነው፤ አካውንት ክፈቺ፣ ስልክ ቁጥር አምጪ አይልም። የናሳን ድረ ገጽ አድራሻ አስገባን፤ አፑ ፊዱን ራሱ ፈልጎ አወጣው። ቀጥለን የቢቢሲ አማርኛን የፊድ አድራሻ ፔስት አደረግን። ሦስተኛው አስቸገረን። ብርቱካናማዋን ምልክት፣ አንድ ነጥብና ሁለት ቅስት ያላትን፣ ከገጹ ላይ እስከ ታች ፈለግናት። የለችም። በመጨረሻ ከአድራሻው ጫፍ ላይ ስላሽ አድርጌ "ፊድ" የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል (feed) ጻፍኩ። ወጣ! ብዙ ድረ ገጾች የተሠሩት ዎርድፕረስ በሚባል የድረ ገጽ መሥሪያ ስለሆነ ይህቺ ዘዴ ደጋግማ ታወጣለች። አሁን ልጅቷ ማታ በእኔ ዋይፋይ ታወርዳለች፣ ቤቷ ገብታ ያለ ኔት ታነባለች። ጽሑፍ ስለሆነ ጥቅልም ብዙ አይበላም።

ሁሉም ቦታ ይሠራል ብዬ አልዋሻችሁም። ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይ ብቻ ለጥፎ የሚቀመጥ መሥሪያ ቤት አለ። እሱን ያው እንደለመድነው ነው። ደግሞ ጎግል የራሱን ማንበቢያ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2013 ሲዘጋ አርኤስኤስ አለቀለት ተብሎ ነበር። አላለቀለትም። ፖድካስት የምታዳምጡ ልጆች ሳታውቁት በየቀኑ ትጠቀሙበታላችሁ፤ አዲሱ ክፍል ወደ ስልካችሁ የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ያገኘሁትን ሁሉ ስጨምር 80 ፊድ ደረስኩ። በሳምንቱ ያልተነበበው ከ1,000 በላይ ሆነ። አፑን መክፈት እንደ ዕዳ ከበደኝ። ቁጭ ብዬ አራገፍኩት። አሁን 11 ናቸው። የሥልጠናው ቦታ አንዱ ነው፤ ዘንድሮ ማስታወቂያው በወጣ በሰዓቱ ደረሰኝ።

ዕጣኑ ሸተተኝ፣ ቡናው ደርሷል መሰለኝ። አቦሉን ያዙና ወደዚህ ጠረጴዛ ኑ። ሁለት ቻርጀር አምጥቻለሁ። እናቶች ይቅደሙ፤ ልጆቹ እስከ በረካ መጠበቅ ይችላሉ።