የካርቶኑ ጊታር ምስክርነት

የተከበራችሁ የሙዚቃ ወዳጆች፣ ውድ ተማሪዎቼ፤ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ይህን አሮጌ የስፔን ጊታር የሚያነሳ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ገልብጦ ጀርባውን ያያል። አልፈርድበትም፤ ጥቁርና ቀይ መስመር የሚመላለስበት የሮዝውድ እንጨት ዓይን ይማርካል፤ ገበያውም የሚያወራው ስለ እሱ ነው። እኔ ግን ዛሬ ጥብቅና የቆምኩት ለፊቱ ነው፤ ለዚህ ለገረጣውና ጭረት ለበዛበት የስፕሩስ እንጨት ሳንቃ።

ምስክሬ ስፔናዊው ጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥራቸውና፣ በ1817 አልሜሪያ አጠገብ ተወለደ፤ መነሻ ሙያው አናጢነት ነበር። በሴቪያ ጊታር ሲሠራ የጊታሩን ሆድ አሰፋው፤ እሱ የመረጠው የ650 ሚሊ ሜትር የክር ርዝመትም እስከ ዛሬ መለኪያችን ነው። ይህ ሰው በ1862 ምን አደረገ? የአንዱን ጊታር ጀርባና ጎን ከካርቶን ሠራ! ፊቱን ግን ከደህና ስፕሩስ አበጀው፤ ድምፁን በዋናነት የሚፈጥረው ፊቱ መሆኑን ለማሳየት ነው። ጊታሩ ዛሬ በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ይገኛል። ስለዚህ ስለ ጀርባ እንጨት የሚሟገተኝን ሰው ወደ ካርቶኑ እመራዋለሁ።

ፊቱ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ስድስቱ ክሮች በአንድነት ወደ 40 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል ይስቡታል። ሠሪው ፈርቶ ካወፈረው ጊታሩ ይታፈናል፤ ደፍሮ ካሳሳው ሳንቃው ይጎብጣል። ስለዚህ ከውስጥ በኩል ቀጫጭን እንጨቶች እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ይደግፉታል። ዘዴውን የጀመረው ቶሬስ አይደለም፤ ሰባት አድርጎ ያደላደለው ግን እሱ ነው። የቀረውን ሜትር አይለካውም። ሠሪው ሳንቃውን በጣቱ ያንኳኳል፣ ያዳምጣል፣ በሁለት እጁ ያጎብጠዋል፣ ጥቂት ይፍቃል፣ ደግሞ ያንኳኳል። ቶሬስ ምስጢሩን ሲጠይቁት አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አሳየ ይባላል። ሰዎቹ የቀለደባቸው መስሏቸው ይሆናል፤ እኔ ግን እውነቱን ነው እላለሁ።

ይህን ስንጥቅ ታያላችሁ? የእኔ ጥፋት ነው። አንድ በጋ ሙሉ ደረቅ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ነበር። የዳነው በአሮጌው ሙጫ ነው። ከእንስሳት ቆዳ የተቀቀለ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚላቀቅ፣ ጠጋኙ ጀርባውን ሳይሰብር ከፍቶ ስንጥቁን ከውስጥ ደገፈው።

ስለ ድምፁ አንድ ነገር ላስታውስ። ቶሬስ በሕይወቱ የናይለን ክር አልሰማም፤ ናይለን የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የእሱ ቀጫጭን ክሮች ልክ እንደ በገናችን አውታር ከአንጀት የተሠሩ ነበሩ። የዛሬው ድምፅ ከእሱ ጆሮ ጥቂት ይርቃል ማለት ነው። የያዝኩት ጊታርም ባለ ናይለን ክር ነው። ቀላል ስለሆነ ገና ሲነካ ይናገራል፤ ወፍራሞቹ ክሮች ከደረቴ ላይ ይርገበገባሉ። ቢጨቁኑት ግን አይጮኽም፤ ያኮርፋል።

አሁን ሦስተኛውን ክር አንድ ጊዜ ብቻ እመታለሁ። ስልካችሁን ዝጉና ድምፁ ፈጽሞ እስኪጠፋ አብረን እንስማው፤ ከዚያ ወደ ሙዚቃው እንገባለን።